ገና አይነቀልም

ታኅሣሥ 4፣ ጧት 3 ሰዓት
ደብተሬ፣ ጥርብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍብህ። ለገ/ማኅበሩ መጋዘን ስድስት ጠርቤያለሁ፤ ሌሎቹ አራት አራት። እጄ መዶሻም ይችላል፣ እርሳስም ይችላል። በላስታ እንደኔ ያለ ካለ ይምጣ! አሁን የባቄላ ቆሎ ቀርቧል። ከሁሉ የጠነከረችውን ባቄላ ማን ይሰብራታል እየተባባሉ ነው። ማን ሊሆን!

5 ሰዓት
ባቄላዋ ተሰበረች። ጥርሴም ቀጭ አለ። ማንም አልሰማም። ሳቅሁ።

ታኅሣሥ 7
የታች ቀኝ መንጋጋዬ። ስነክስ ደህና። ስለቅቅ፣ ውይ! ቀዝቃዛ ውሃማ እስከ ጆሮዬ ይወጋኛል። ባለቤቴ የሺ አፌን አስከፍታ አየች፤ ምንም የለህም፣ ጾሙ ሰልችቶህ ነው አለች። በየዓመቱ ለገና የበጉን ቅልጥም በጥርሴ የምሰብር እኔ! ዘንድሮ መረቅ ልጠጣ ነው?

ታኅሣሥ 10፣ ከጤ/ጣቢያ መልስ
የጥርስ ሐኪም ከደሴ መጥታለች፣ ለሁለት ቀን ብቻ። ሰልፉ አያድርስ። በጥርሴ በእያንዳንዱ ጫፍ እንጨት አስነከሰችኝ። ልቀቅ ስትለኝ ጮህኩ። እሷ ደስ አላት፤ ተገኘ አለች! ከዚያ በብረት አንኳኳች፣ ቀለም ቀባች፣ ጠረገች። ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ቀረ። በመስታወት አሳየችኝ፣ ፀጉር የምታህል መስመር። እኔም ድንጋይ የምመረምረው እንዲሁ ነው። አንኳኳለሁ፣ ውሃ አፈሳለሁ፤ ሌላው ሲደርቅ ስንጥቁ እርጥብ ይቀራል። ሙያዬን ሰረቅሽኝ አልኳት። ሳቀች። ከላይኛው እንዳይጋጭ ጫፉን ሞረደችልኝ። በግራ አኝክ፣ ይህን ወረቀት ለጣቢያው ቁስል አጣቢ፣ ለድሬሰሩ ስጥ ብላ ቀጣዩን ጠራች።

ለድሬሰሩ? ፊደል ያልቆጠርኩ ጨዋ መሰልኳት! መንገድ ላይ ራሴ አነበብኩት። «ገና አይነቀልም።» አንድ ፊደል አልሳትኩም። ለገና በዓል ጥርስ አይነቀልም ማለቷ ነው። እውነቷን ነው፣ እንዴት በዓል በደም ይዋላል። እንግዲያው ከገና በፊት ይነቀላ!

ታኅሣሥ 12
ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ፣ ፈርቻለሁ። በምላሴ ስዳብሰው ዋልኩ። ያሳዝናል እኮ፣ ስንት ቅልጥም አብረን ሰበርን። ነገ ቀጥቃጩ አያ ካሳ ጋ እሄዳለሁ። ጉጠት አለው።

ታኅሣሥ 13፣ ከሰዓት
ጉድ ስማ! አያ ካሳ ጉጠቱን አጥቦ፣ ጭንቅላቴን በጉልበቱ ይዟል። የመሠ/ትምህርት አስተማሪያችን መሪጌታ ማረሻ ሊያስመቱ ከተፍ አሉ። ተማሪያቸው አይደለሁ፣ ቆይ አያ ካሳ አልኩና ወረቀቱን አውጥቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው።
«የገና ና ጠብቆ ነው ላልቶ?» አሉኝ።
«ጠብቆ ነዋ፣ መሪጌታ! የኛን ገና ማን ያላላዋል?»
«አንተ ሰውዬ፣ ላልቶ ነው! ገና ነው፣ ጊዜው አልደረሰም ማለቷ ነው። በዓሉን ማን አነሳው?»
አያ ካሳ ጉጠቱን ለቀቀው። «በል አፍህን ግጠም፤ ጉጠቴም ላላ!» ሳቁ እስከ ገበያው ተሰማ። መሪጌታ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ሠርተፊኬትህን ልቀማህ እንዴ አሉኝ።
ወደ ድሬሰሩ ሮጥኩ። ወረቀቱን ገለበጠው። ለካ ጀርባም አለው! «በሁለት ሳምንት ተመልሼ የብረት ቀለበት አደርግለታለሁ» ይላል። እኔ ፊቱን አንብቤ ሊቅ ሆኛለሁ።

ታኅሣሥ 24
መጣች። በጥርሴ ዙሪያ ቀጭን ብረት አጥልቃ በሲሚንቶ አጣበቀችው። አዎ፣ ሲሚንቶ፣ እንደኛው! እንጨቱን ነከስኩ። ለቀቅኩ። ዝም። እንደገና ነከስኩ። ዝም! ስለ ገና ነገርኳት፤ ከእንግዲህ «ጊዜው አልደረሰም» ብዬ ነው የምጽፈው አለች። በላስታ ብረት የለበሰ ጥርስ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ላላ ሲባል ጠበቀ!

ታኅሣሥ 29፣ ገና (ጠብቆ!)
ቤቱ በሰው ሞልቷል። መሪጌታም አያ ካሳም አሉ። በግራ እያኘክሁ ነው፣ ደስ ሲል! የሺ ቅልጥሙን ይዛ መጣች። ሁሉም ዓይኑን አፌ ላይ ተክሏል፣ በል እንጂ ይሉኛል። እኔ ግን ቆርጫለሁ። መዶሻዬን ከበሩ ኋላ አስቀምጬዋለሁ፣ አሁን ተነስቼ ቅልጥሙን በሱ ልሰብረው ነው!