ዘቅዝቄ የለበስኩት ነጠላ

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.፣ ቢቸና

ዛሬ ከጓደኛዬ ከጤና ጣቢያው ድሬሰር ከአለሙ ጋር በጭነት መኪና ወደ ሞጣ ሄደን፣ ከዚያ በእግር ወደ ታላቅ እህቴ ወደ እታለም መንደር ወረድን። ወታደር ሆኖ ሐረር የሄደው ልጇ ከስንት ወር ዝምታ በኋላ የጻፈው ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ትንሽ አስለምኜ ነው የምሰጣት» እያልኩ መንገዱን ሙሉ ስስቅ ነበር።

ወንዙ ዳር ጭቃ ሆነብን። አዲሱ ነጠላዬ እንዳይበላሽ ዘቅዝቄ ጥለቱን ወደ አንገቴ አደረግሁት።

«ኧረ ሰውዬ፣ ለቅሶ ቤት የምትሄድ ትመስላለህ!» አለኝ አለሙ።

«ደጇ ስንደርስ አስተካክለዋለሁ» አልኩት።

እታለም ግን ከሩቅ አየችን። የያዘችውን ሰፌድ ለቀቀችው። «ልጄን! ልጄን!» ብላ ደረቷን እየደቃች መሬት ላይ ወደቀች። ጎረቤቱ ሁሉ እየጮኸ ወጣ። ሮጬ ደብዳቤውን አወጣሁ።

«ደህና ነው! እንኪ፣ ራሱ ነው የጻፈው!»

«አንተ መቼ እውነት ተናግረህ ታውቃለህ?» አለችኝ ፊቷን እየነጨች። አለሙ ላንብብልሽ ቢላት «አንተም የሱ ቢጤ ነህ» አለችው። የነፍስ አባቷ ተጠርተው እስኪያነቡላት ድረስ አላመነችም።

ስንሰናበታት ቀረብ ብላ ነጠላዬን ገለበጠችና ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ በወጉ አለበሰችኝ። ለካ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላስተካከልኩትም ነበር።