ለአባት የተነጠፈ አጎዛ

በአዛኙ በአላህ ስም። መተማ ለቀረኸው ለወንድሜ ለእንድሪስ፣ ከእኅትህ ከሉባባ። ሰላም ለአንተ ይሁን፤ የአላህ ምሕረትና በረከትም አይለይህ። እንዴት ከረምህ? የቆላው ንዳድ ለቀቀህ ወይ? እህል ይበላልሃል? እንቅልፍስ? እኛ አልሐምዱ ሊላህ አለን። እኔን የጉና ብርድ ጉልበቴን ቢይዘኝም ምላሴን አልያዘኝም። ጤናህን የምጠይቅህ ለወጉ ያህል አይምሰልህ፤ ዘንድሮ መልሱን አጥብቄ እፈልገዋለሁ።

የንግድ ጓደኞችህ ያለ አንተ በገቡ ጊዜ ንዳድ ጥሎት መተማ ከአንድ ደግ ሰው ቤት ትተነው መጣን አሉን። ከዚያ ወዲህ ክረምቱ ወጣ፣ ሌላም ነጋዴ መጣ፣ የአንተ ወሬ ግን የለም። ሽማግሌዎቹ ማንሾካሾክ ያዙ። ሞቷል ከተባለ ሚስትህ ዘምዘም ጌጧን አውልቃ የባል ሐዘኑን ወራት ኢዳ ልትቀመጥ፣ ከብቱም ለወራሽ ሊከፈል ነው። እኔ ግን እስካሁን አፋቸውን አስይዣቸዋለሁ።

አሁን ደስታውን ልንገርህ። ልጅህ ኑርሑሴን ቁርአኑን ከዳር እዳር ቀርቶ ባለፈው ጁምዓ አኸተመ። ወጉን ታውቀዋለህ፤ ልጅ የመጨረሻዎቹን ሱራዎች በሰው ፊት ሲቀራ አባቱ በቀኙ አጎዛ ላይ ይቀመጣል፣ ዱዓ ሲደረግም እጁን ከራሱ ላይ ይጭናል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ ከወንዶች ይቆጠራል። አባትየው መንገደኛ ሲሆን አጎዛው ባዶውን ይነጠፋል፤ የሞተ እንደሆነ ግን ዘመድ ይቀመጥበታል። ሽማግሌዎቹ የአጎታችንን ልጅ ሊያስቀምጡበት ፈለጉ። እኔ ወንድሜን በቁሙ አትቅበሩብኝ ብዬ ባዶውን አስነጠፍሁ። አጥፍቼ እንደሆነ አላህ ይወቀው።

ቀኑ ብራ ነበር፤ ከቀትር ሶላት በኋላ፣ በሩም ወለል ብሎ ተከፍቶ። ልጁ እንደ ውኃ ሲያወርደው ቆየና አንዲት ሱራ መካከል ዝም አለ፤ ቃሏ ጠፋችው። መምህሩ ሸኹ ሊያቀኑት አፋቸውን ሲከፍቱ ከአጎዛው በኩል ሳል ተሰማ። ከመናገርህ በፊት ጉሮሮህን የምትጠርግባት ያቺ የአንተ ሳል ናት። ቀጥሎ የጠፋችውን ቃል በአንተው ድምፅ፣ ረጋ ብሎ ነገረው። ልጁ ዘወር አላለም፤ ተቀበለና እስከ መጨረሻው ቀራ። ዱዓ ሲደረግ ቆቡ እጅ እንደ ተጫነው ጎድጎድ ሲል በዓይኔ አየሁ። ዘምዘም ሄዳ አጎዛውን ዳሰሰችው። ጠጉሩ ሰው እንደ ተቀመጠበት ተኝቷል፤ ይሞቃልም።

ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ደብተራ ቀለመወርቅ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጦ አማተበ። ጻፍ እንጂ ብዬ ተቆጣሁት። እኔም ፈርቻለሁ፣ ምን ልደብቅህ።

ከዚያ ክርክር ሆነ። ዘምዘም ይሞቃል፣ እንግዲያ ባሌ አለ አለች። ሽማግሌዎቹ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው በእግሩ ይመጣል እንጂ እንዲህ አይመጣም፤ የሩቅ ሟች ሶላት እንስገድበት አሉ። ሸኹ ወደ ልጁ ዞሩ፤ ካኸተመ ወዲያ በአባቱ ነገር ቃሉ ይሰማላ። እሱም ዓይኔ ሳያየው አልሰግድበትም፣ ሄጄ አየዋለሁ አለ። እናቱ እግሩ ላይ ወደቀች፤ አላስቀረችውም። እኔም ወንድ ሁን ብዬ የመረቅሁትን ልጅ በምን አፌ ልከልክለው?

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ይዞልህ የሚመጣው እሱ ነው። ሰኞ ከሰም ነጋዴዎቹ ጋር ይነሣል። ቁመቱ ረዝሟልና ሌላ ሰው እንዳይመስልህ፤ ግንባሩ ያው የአባታችን ግንባር ነው።

ዘምዘም ጌጧን እንዳላወለቀች ንገሩልኝ ብላ ሰላም ትልሃለች። ትንሿ ልጅህ መኪያ ለእኔስ ምን ያመጣልኛል እያለች ሰላም ትልሃለች። ሸኹ በዱዓ ያስቡሃል። ደብተራውም አምላክ ያግባህ ይልሃል።

ወንድሜ፣ በሕይወት ከጠበቅኸው አቅፈህ ሳመው፣ ይዘኸውም ና። አፈር ውስጥ ሆነህ ከጠበቅኸውም አይዞህ፤ ራስጌህ ተቀምጦ የሚቀራልህ ልጅ ልከንልሃል።

ደብረ ታቦር፣ በረጀብ ወር፣ በሂጅራ ፲፪፻፸፬ ዓመት ተጻፈ።