ግማሽ የሆነው ሸክም

ለታላቅ ወንድሜ ለኩያ ዲንዶ፣

የኪዮቶ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ እዚህ ሎስ ባኞስ ጣሪያው ከማፍሰሱ በቀር ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ተሽሏታል፤ "ልጄ ጃፓናዊት አገባ እንዴ፣ ድምፁ ጠፋ?" እያለች ታሾፍብሃለች።

እኔም ያው በሴል ውስጥ ጭነት ይዘው የሚራመዱትን ፕሮቲኖች በሒሳብ እየተከተልኩ ነው። በመጋቢት የደብተሬን ፎቶ በስልክ፣ እንደ ልማዴ ላንተ ብቻ፣ ስሰድልህ ስሌቱ ስህተት ነበረው። ሁለት ፕሮቲኖች ጭነት ይዘው አንዱ ቢወድቅ፣ በቀረው ላይ ሸክሙ እጥፍ ይሆናል። እኔ ግን ግማሽ አድርጌው ነበር። በማግስቱ አረምኩት፤ ላንተ ሳልነግርህ ቀረሁ።

ሰኞ ዕለት አለቃዬ ዶክተር ማግባኑዋ አብሮህ የሚኖረው ሮሜል ስለነዚሁ ፕሮቲኖች ያሳተመውን ጽሑፍ አነበቡልን። አራተኛው ገጽ ላይ ሸክሙ ግማሽ ነው። ዶክተሩ በሳቅ ፈረሱ፦ "ጓደኛው ሲወድቅ ሸክሙ የሚቀለው ምን ዓይነት ተሸካሚ ነው? ይህን ስህተት ሁለት ሰው በየፊናው አይሳሳተውም!" እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሮሜልን እንኳን ደስ ያለህ በልልኝ። አምና ለገና ቤታችን መጥቶ ሦስት ሳህን ፓንሲት የበላው እሱ አይደል? ሦስተኛው ሳህን የእኔ ነበር።

ኩያ፣ ስልክህ ተሰርቆ ነበር እንዴ? ተሰርቆ ከሆነ ጻፍልኝ። ተሰርቋል ብቻ በለኝ፣ አምንሃለሁ።

እማዬ ጉንጭህን ስማለች። አምላክ ከብርዱም ከሰውም ይጠብቅህ።

ታናሽህ ሊጋያ