ወንድሜ እንዲከሰስልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የትራፊክ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሙሉ አካልና በሁለት እግርዎ ቆመው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከፍርሃት በቀር የሚያመኝ የለም። እሱም ቢሆን የሚነሣብኝ በሥራ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ከመሥሪያ ቤትዎ ጋር ቢያንስ በሰዓት እንስማማለን።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ አንዲት መስኮት ያላት አንድ ክፍል ስትሆን፣ የውሃ ቦቴዎች ከመሙያ ጣቢያው ወደ ሕንፃ ግንባታው የሚወርዱበት ቁልቁለት መጨረሻ ላይ፣ ከመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ጋር ተጎራብታ ትገኛለች። ከቦቴዎቹ አንዱን የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ እለዋለሁ። እናትና አባታችን ተከታትለው ሲሞቱብን እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጋራዥ ውሎ በመጣ እጁ ፀጉሬን እየጎነጎነ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። ከክፍላችን ልጆች ሁሉ ጠማማው ሹሩባ የኔ ነበር፤ እኔ ግን ማንም እንዲያስተካክልልኝ አልፈቅድም ነበር።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ይህ ሰው ምሳ ሰዓት ላይ “ለድካም አንዲት” ማለት ጀመረ፤ አንዷም እንደ ሠርግ እንግዳ ዘመዶቿን አስከትላ መጣች። የጠጣ ቀን ከመስኮቴ ሆኜ አውቀዋለሁ። ሳይጠጣ ማርሽ የሚቀንሰው ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ ከጠጣ ግን መታጠፊያው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ያን ድምፅ ስሰማ እግሬ ከስፌት መኪናዬ መርገጫ ላይ ይነሣል፤ ቦቴው አልፎ ዝም እስኪል ድረስም ትንፋሼን ውጬ እቀመጣለሁ።

አንድ ማክሰኞ ሱቄ መጥቶ ምሳ ሲበላ አፉ ሸተተኝ። መርፌና ክር አቀብዬ “ጋሼ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ እስቲ አስገባልኝ” አልኩት። ሦስቴ ሞከረ፤ በአራተኛው ጣቱን ወጋና ሳቀ። ከዚያ የቦቴውን ቁልፍ አነሣ። በሩ ላይ ቆሜ “ዛሬ አትነዳም” ስለው፣ ትከሻዬን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ወንበር ወደ ጎን አዛወረኝና “አይዞሽ፣ መንገዱ ራሱ ያውቀኛል” ብሎኝ ወጣ። አሥራ ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ ጭኖ። ስልኬን አንሥቼ ወደ ነፃ መስመርዎ ስደውል ሁለቴ ቁጥር ተሳሳትኩ። ያሳደገኝን ሰው የሰሌዳ ቁጥር ግን አንድም ሳልሳሳት በቃሌ ሰጠሁ።

ከዚያ ወዲህ ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፤ ስልኩን ያነሡት ባልደረባዎ “ስምዎ በጥብቅ ምስጢር ይያዛል” ብለው አጽናኑኝ፤ ወንድሜም በሩብ ሰዓት ውስጥ ተያዘ። የትንፋሽ መመርመሪያው መሣሪያ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት፣ ቁልፉን የያዙት ሰው ደግሞ በመሣሪያው አጠቃቀም ዙሪያ ሥልጠና ላይ ነበሩ። እስኪመጡ ድረስ ወንድሜን ለሁለት ሰዓት ጥላ ሥር አስቀምጣችሁ ውሃ በውሃ ላይ ስላጠጣችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔ እንኳ እኅቱ እንዲያ ተንከባክቤው አላውቅም። እሱም ታታሪ ሰው ነውና ከሁለት ሰዓት በኋላም ቁጥሩ ከተፈቀደው በላይ ወጣ። መንጃ ፈቃዱ ለስድስት ወር ታገደ።

፪ኛ፤ ስድስቱ ወር በአሥራ አንደኛው ቀን አለቀ። የሥራ ተቋራጩ “አሽከርካሪ በማጣታችን ግንባታው እየተጓተተ ነው” የሚል አንድ ገጽ ጽፈው ነበርና ፈቃዱ ተመለሰ። ስድስት ወርን በአሥራ አንድ ቀን መፈጸም የሚችለው መሥሪያ ቤትዎ ሕንፃውንም ይዞት ቢሆን ኖሮ ይኸኔ ጣሪያ ላይ በደረስን።

፫ኛ፤ ፈቃዱን ሲረከብ ያስፈረሙት ፋይሉን ገልጠው ነው። በተገለጠው ገጽ ላይ “ምስጢር” የሚል ቀይ ማኅተም ነበረበት፤ ከማኅተሙ ሥር ስሜና ስልኬ። ማኅተሙ ባይኖር ምናልባት ልብ ሳይለው ያልፍ ነበር።

በዚያው ቀን ሱቄ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ይጮኽብኛል፣ ምናልባትም ይመታኛል ብዬ መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ መሳቢያ ውስጥ ደበቅሁት፤ ወንድሜን እንዲህ ፈርቼው አላውቅም ነበር። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

“አንቺ ነሽ?” አለኝ።

“እኔ ነኝ፣ ጋሼ።”

“ሌላ ሰው ቢሆን አልጠጣሁም ብዬ በማልኩ ነበር” አለና ፊቱን አዙሮ ሄደ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ አክስታችን ከሰፈሯ ድረስ መጥታ “የገዛ ወንድምሽን ለመንግሥት አሳልፈሽ ትሰጪው?” ብላ ስትወርድብኝ “መንግሥትማ አልፈልግም ብሎ መለሰልን፣ እታባ” አልኳት።

፬ኛ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ከቁልቁለቱ አናት ጀምሮ የሞተሩ ድምፅ ሲወርድ ሰማሁ። ከመታጠፊያው በፊት ማርሽ አልቀነሰም። ውስጥም ከገባ በኋላ አልቀነሰም። ከወንበሬ ተነሥቼ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ፣ አጥሩ ሲናድ፣ ከዚያም ውሃው እንደ ጎርፍ ሲፈስ ሰማሁ። ሜትሩ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጥኩ።

ቦቴው የመዋዕለ ሕፃናቱን አጥር ጥሶ ዥዋዥዌው ላይ ቆሟል። መወልወያ ልታጥብ ወደ ግቢ የወጣችው የጽዳት ሠራተኛ ፍርስራሹ ሥር ሆና “እግሬን! እግሬን!” ትላለች፤ ኋላ እንደታወቀው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ወንድሜ ምንም ሳይሆን መሪውን እንደያዘ ቁጭ ብሏል። ሲያየኝ “ልጆቹስ? ልጆቹን ቁጠሪልኝ” አለኝ።

መምህሯና እኔ ቆጠርን። ሃያ ስድስት ናቸው፤ አንድም አልጎደለም። አላመንኩም፤ ደግመን ቆጠርን። ሃያ አምስት ሆኑ። ክቡር ሆይ፣ በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ልጽፍልዎ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴ ቀድጄዋለሁ። እየጮኽኩ ወደ ፍርስራሹ ተመልሼ ድንጋዩን በእጄ ስቧጥጥ፣ አንዲት ሕፃን ከመጸዳጃ ቤት ሱሪዋን በአንድ እጇ ይዛ ወጣችና “ማነው ውሃ ያፈሰሰው?” ብላ ጠየቀች። ሃያ ስድስት።

፭ኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ለምርመራው ነው። ተቋራጩ ከፖሊስ ቀድመው ደረሱ። መሣሪያው በዚህኛው ጊዜ ከቁም ሣጥኑ ወጥቶ መጣ፤ ባትሪ ግን አልነበረውም፤ ደም ይመርመር ያለም አልተገኘ። ወንድሜ ግን መሣሪያ ሳያስፈልገው፣ ሃያ ሰው በተሰበሰበበት፣ “ጠጥቻለሁ። ጠዋት ነው የጠጣሁት። ጻፈው” አለ። ባልደረባዎም ትከሻውን መታ መታ አድርገው “ደንግጠሃል፣ አረፍ በል” አሉት። የጻፉትን ሪፖርት ኋላ አነበብነው፦ “አደጋው በፍሬን ብልሽት የደረሰ ሲሆን፣ አሽከርካሪው ከድንጋጤ የተነሣ የማይጨበጥ ቃል ሰጥቷል።” በዘመኔ ወንድሜ ስለ መጠጡ እውነቱን ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያንኑም እናንተ አላመናችሁትም።

በሳምንቱ ሁለታችን ቢሮዎ መጥተን ነበር። ጋሼ መንጃ ፈቃዱን በመስኮቱ አሾልኮ “ውሰዱልኝ፣ እኔ ራሴን አላምነውም” ሲል፣ ጸሐፊው በትሕትና መልሰው “ወንድሜ፣ እኛ እንቀማለን እንጂ አንቀበልም” አሉት። ከራሳቸው በላይ “ጠጥቶ ያሽከረከረና ሰው የጎዳ በሕግ ይጠየቃል” የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። እሱ አሳያቸው። እሳቸውም ቀና ብለው አነበቡትና “እሱ ለአሽከርካሪዎች ትምህርት ነው” አሉን።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በታላቅ አክብሮት የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ወንድሜ ይከሰስልኝ። እሱም ይፈልጋል። አሁን ከሱቄ ጀርባ ባለችው ጓዳ ያድራል፤ የጽዳት ሠራተኛዋን ሆስፒታል ሄዶ እግሯ ሥር ተደፍቶ መጥቷል። ከአደጋው ወዲህ ባሉት ሃያ ሦስት ቀናት የጠጣው ሁለት ቀን ነው፤ በሁለቱም ቀን “ቁልፌ የት ነው?” ብሎ ጓዳውን በርብሯል። ሳይጠጣ ሲቀር እንዲያስሩት ይለምናል፤ ሲጠጣ ሊነዳ ይለምናል። እኔ ሁለቱንም ልመና ለብቻዬ መስማት አቅቶኛል። ፍርድ ቤት ቢቆም አንድ ዳኛ ቢያንስ “አዎ፣ ጠጥተህ ነበር” ይለዋል፤ የሚታከምበትንም ያዝዝለት ይሆናል። ተቋራጩ ግን ቦቴው ተጠግኗልና ሰኞ ጠዋት ሥራ እንዲገባ ጽፈውለታል። በደብዳቤያቸው ግርጌ “ግልባጭ፦ ለትራፊክ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት” ይላል፤ የመሥሪያ ቤትዎ “ደርሶናል” የሚል ማኅተምም ጥርት ብሎ ታትሞበታል።

ለሃያ ስድስቱም ሕፃናት ወላጆች እንቅልፍ ሲሉ እርስዎ እንቅልፍ እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ከማይነጥፍ አክብሮትና ከማይለቀኝ ፍርሃት ጋር፣

በምስጢር የተያዘችው ጠቋሚ፣
ልብስ ሰፊዋ፣ የአሽከርካሪው እኅት

ማሳሰቢያ፦ ለመዋዕለ ሕፃናቱ ሽርጥ የምሰፋው እኔ እንደሆንኩ ሳይነግሩዎት አይቀሩም። ባለፈው ሳምንት ጸሐፊዎ ሰኞ እዚያው መዋል የምትጀምረውን የልጅ ልጅዎን ልኬት ይዘውልኝ መጥተው ነበር፤ ሽርጧ ደርሷል፣ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ጠርዙን ሁለት ጣት ትርፍ አድርጌ አጥፌዋለሁ፤ እንድታድግበት።