የወንድምሽ ካፖርት

ሰኞ ጠዋት፣ ወር በገባ በሦስተኛው ቀን

ለልጄ፣ ለጉንዳኔ፣

በዚህ ስም ከጠራሁሽ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በልጅነትሽ ከሁላችንም ቀድመሽ ተነስተሽ ጓዳ ለጓዳ ስለምትርመሰመሺ ያወጣሁልሽ ስም ነው። ጤናሽን ልጠይቅ ብዬ ወረቀት ስዘረጋ፣ ቀድሜ ልነግርሽ የሚገባኝ ነገር እንዳለ ገባኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኛል፤ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ሳሎን ራዲዮ ከፍቼ መኝታ ቤት እቀመጣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አብሮኝ ከባንኩ ጡረታ የወጣው ገንዘብ ያዥ መጣና፣ «ተነስ እንጂ ሰውዬ፣ በር ዘግተህ ስለተቀመጥክ ሐዘኑ አይወጣልህም!» ብሎ ሲኒማ ወሰደኝ። የሚያስቅ ፊልም ነው አለኝ። አንዲት ሴት በፋይናንስ ድርጅት ሥራ ብትጠይቅ ብትጠይቅ የሚሰማት ስታጣ፣ ጢም ለጥፋ፣ ሱፍ ለብሳ፣ ድምጿን አጎርንና ወንድ ሆና ትቀጠራለች። በአንድ ዓመት አለቆቿን ሁሉ ታስከነዳለች። ጢሟ ሾርባ ውስጥ ሲወድቅ ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ገንዘብ ያዡ መሐረብ እያቀበለኝ፣ «አየህ፣ ሳቅ እንዲህ እንባ በእንባ ያደርጋል» አለኝ።

እኔ ያየሁት የወንድምሽን ካፖርት ነበር።

በባንኩ የብድር ክፍል ኃላፊ ሳለሁ ሁለታችሁም ለአንድ ቦታ ስታመለክቱ፣ አንቺን ትቼ እሱን አስገባሁ። «ሴት ልጅ ከባለፋብሪካ ጋር ተናንቃ አትችልም» አልኩ። ወንድምሽ ደግ ልጅ ነው፤ ግን ቁጥር ሲያይ እንቅልፉ ይመጣል። ይሁንና በእሱ ፊርማ የሚቀርቡልኝ የብድር ጥናቶች ግሩም ሆኑ። ራት ላይ ጮክ ብዬ አነብላችሁ ነበር። አንቺ ሳህን ታነሺ ነበር።

አንዱ ጥናት ስለ ጫማ ፋብሪካ ነበር። ባለቤቱ ሁለት መቶ ሠራተኛ አለኝ ብሏል። ጥናቱ ግን፣ «ሦስት ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በር ላይ ቆሜ ቆጠርኩ፤ የሚገባው ስልሳ አንድ ሰው ነው» ይላል። ወንድምሽን በዚያ ሰዓት መድፍ አይቀሰቅሰውም! ቀጣዩ ተበዳሪ የዱቄት ፋብሪካ ነበርና፣ ማልጄ ሄጄ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። የወንድምሽን ካፖርት ለብሰሽ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድብሽ ደፍተሽ፣ ዘበኛውን በጎርናና ድምፅ «እንዴት አደርክ ወንድሜ» ስትዪው ሰማሁ። ሳቄ መጣ። ኮራሁም። ከዚያ ቢሮዬ ገብቼ ለወንድምሽ የደረጃ ዕድገት ፈረምኩ።

ከዓመት በኋላ ያንኑ ካፖርት እንደለበስሽ፣ ጫፉን ጭቃ እንደነካው ፊቴ ቆመሽ፣ «አባዬ፣ ጥናቶቹን የምሠራቸው እኔ ነኝ» አልሽኝ። «ቅናት ነው ይሄ! ወንድምሽን ሌባ ልታሰኚው ነው?» ብዬ ጮህኩብሽ። ካፖርቱን አወለቅሽ፣ አጥፈሽ ወንበሩ ላይ አስቀመጥሽ። ወሩ ሳይሞላ አገር ለቀሽ ሄድሽ። እዚያ የልብስ ንጽሕና ቤት እንደምትሠሪ፣ ቁጥር የሚባል ነገር ዳግም እንዳልነካሽ እናትሽ ነግራኛለች። በፊልሙ ሴትየዋ ጢሟን ስታወልቅ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበላት።

አባቴ አላመነኝም ብለሽ ነው የሄድሽው። ልጄ፣ አምኜሽ ነበር። ከመንገርሽ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ አውቅ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው፤ የብድር ኃላፊው የማይሠራ ልጁን ቀጥሮ በእህቱ ጉልበት ያሳድገዋል እንዳይባል። ለስሜ ስል አንቺን ጣልኩ። ትናንት ይህንኑ ለወንድምሽ ነገርኩት። «እሷ በሄደች በስድስተኛው ወር ሥራ ስለቅ ለምን ብለህ ያልጠየቅከኝ ለዚህ ነው?» አለኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤዎችሽ ለእናትሽ የሚላኩ ስለነበሩ እጄን አልዘረጋም ነበር፤ እሷ መነጽሯን አድርጋ ታነብልኛለች። ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ «ለአባዬም ሰላም በይልኝ» ይል ነበር። ዘጠኝ ዓመት በዚያች መስመር ኖርኩ። ከተቀበረች በኋላ ሣጥኗን ከፍቼ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። መስመሯ በአንዱም ላይ የለችም።

አሁን ያችን መስመር የምትጨምርልኝ የለችም። ይቅር በይኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሰው አያሳጣሽ። አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን፣ ከአንቺ ይሁን።

አባትሽ