እናንተ ዘንድ ሲደርስ ደህና ስለሚሆነው መኪና

ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም.

ለመኪናዬ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እህት ካለዎትም እህትዎ፣ እንደምን ሰንብታችኋል? በምዕራብ ጎጃም የምንገኝ ደንበኞችዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእግራችን እየሄድን አለን። ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ ይህንን የምለው ከልቤ ነው፤ ዕድሜ በመንገድ ላይ እንዴት እንደሚያጥር ስላየሁ።

ስሜ ክንፈሚካኤል ዘሩ ይባላል። ፍኖተ ሰላም ላይ በርበሬና በቆሎ እነግዳለሁ፤ የተወለድሁት ግን ቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ወዲያ ማዶ ነው። አምና ከወንድሞቼ ጋር አዋጥተን ከድርጅትዎ አንድ አዲስ፣ የወንበሩ ላስቲክ ያልተገፈፈ፣ ሰባት ሰው የሚይዝ የቤተሰብ መኪና ገዝተናል። ደብዳቤዬን በአደባባይ የምጽፈው ከዚህ ቀደም በፖስታ የላክኋቸው በሥራ ብዛት ምክንያት ሳይደርሱዎት ቀርተው ይሆናል ብዬ እንጂ ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ገንዘቤ ይመለስልኝ ለማለትም አልተነሣሁምና በዚህ በኩል ልብዎ ይረፍ። የምጽፍልዎ በጥቅምት ወር ስለሞተችው ስለ እህቴ ስለ አቻምየለሽ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ማስታወቂያዎ ላመስግንዎ። መኪናውን ስንረከብ በተሰጠን ባለ ቀለም ወረቀት ላይ አንድ ቤተሰብ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይስቃል፤ ከሥሩም «ቤተሰብዎን አደራ ይስጡን» የሚል ጽሑፍ አለ። እኛ አገር አደራ የሚለው ቃል እንዲሁ ከአፍ አይወጣም። ሰው ሊሞት ሲል ልጆቹን ለወንድሙ፣ ሩቅ አገር ሲሄድ ቤቱን ለጎረቤቱ የሚሰጥበት ቃል ነው። በወረቀት ታትሞ ስናየው እናንተም እንደኛው የምትሉት መሰለን።

ሁለተኛ፣ ክቡርነትዎ የከተማ ሰው ስለሆኑ አንድ ነገር ላስረዳዎ። በተወለድሁበት ቀበሌ የቃሬዛ ማኅበር ነበር። ሰው ሲታመም ወይም ሴት ምጥ ሲጸናባት ጡሩንባ ይነፋል፤ ጎልማሳው ሁሉ እርሻውን ጥሎ ይወጣል፤ በሁለት አጠና መካከል በጠፍር በተወጠረው ቃሬዛ ላይ በሽተኛውን አስተኝቶ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበለ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ዋናው ሕግ ቃሬዛው ሐኪም ቤት ሳይደርስ መሬት እንዳይነካ ነው፤ የደከመው ሰው ሌላው ሳይተካው ትከሻውን አያነሣም። በዚህ ሕግ እናቴን፣ እኔን ልትወልድ ስታምጥ፣ ተሸክመዋታል፤ እኔም የስንቱን እናት ተሸክሜያለሁ።

መኪናው በተገዛ ሰሞን ማኅበሩ ተሰብስቦ ሳለ ተነሥቼ፣ ከእንግዲህ ትከሻችሁ ይረፍ፣ ደውሉልኝና እደርሳለሁ አልሁ። ሰብሳቢያችን አያ ገብረሰንበት መኪናውን ዞረው ዞረው አዩና «እንቢ ያለ ዕለትሳ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የእርስዎን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ አነበብሁላቸው። ደመወዝ የማይከፈለኝ ሻጭዎ ነበርሁ ማለት ነው። ጉባኤው በእልልታ ተበተነ፤ አጠናው የበግ ጋጣ ማገር ሆነ፤ ጠፍሩም ለእርሻ ዕቃ ማሠሪያ ዋለ።

ሦስተኛ፣ ለባለሙያዎችዎ ትሕትና ምስጋናዬ ይድረስልኝ። መኪናው ብዙም ሳይቆይ፣ ከቡሬ ገበያ ስመለስ፣ መሪው ፊት ለፊት ቢጫ መብራት በራ፤ ቀጥሎ ማርሹ አልገባም አለ፤ ቀጥሎ ሞተሩ ጠፋ። በርበሬ የጫነ አሮጌ አይሱዙ እየጎተተ ፍኖተ ሰላም አስገባኝ፤ ገበያተኛውም መንገድ ዳር ቆሞ በአዲሱ መኪናዬ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። እናንተ ዘንድ ለማምጣት ስነሣ ግን መኪናው የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ግቢያችሁ ሲደርስ አንድም እንከን አልተገኘበትም። ባለሙያዎችዎ በኮምፒውተር ቢጫውን መብራት አጥፍተው መለሱልኝ። የጠፋው መብራቱ ነው፤ በሽታው አብሮኝ ተመለሰ።

ዳግመኛ ስመጣ ጥፋቱ የገጠር ናፍጣ ነው ተባልሁ። እኔን የጎተተኝ አይሱዙ ከዚያው ማደያ እንደሚቀዳ ብነግራቸው ፈገግ አሉ። ሌላ ጊዜ ስመጣ አንድ ጨዋ ባለሙያ መኪናው ውሃ ነክቶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እኔ የዋሁም፣ እንደተገዛ በአገራችን ወግ ቄስ ጠርተን ጠበል አስረጭተነዋል አልሁት። ወዲያው መዘገበው። ውሃ ያገኘውን ኤሌክትሪክ ዋስትናው እንደማይመለከት በአክብሮት ተነገረኝ። ቄሳችን የረጩት አንድ እፍኝ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ስለ ወረደበት ዝናብ ማንም አልጠየቀኝም። በዚያው ዕለት የኋላው በር በአዝራር ብቻ እንደሚከፈት፣ አዝራሩም ደስ ያለው ቀን ካልሆነ እንደማይታዘዝ አመለከትሁ። ዕቃው ከውጭ አገር እስኪመጣ እንድታገሥ ተመከርሁ። ታገሥሁ።

አራተኛውን ባጭሩ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አቻምየለሽ ታናሼ ናት። ሁለት ልጆች በሰላም ወልዳ ሦስተኛው ላይ ምጡ ጸናባት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ያምሮት ልጁ አግድም መምጣቱን፣ ያለ ቀዶ ሕክምና እንደማይወለድ፣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል በጊዜ ከደረሰች ግን ሁለቱም እንደሚተርፉ ነገረችን። የወረዳው አምቡላንስ በጠዋት ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። ባሏ እንድሪያስ ደወለልኝ፤ በርሬ ደረስሁ። ስወጣ መኪናዎ አላሳፈረኝም። የኋላውን ወንበር አጣጥፈን፣ ፍራሽ ዘርግተን፣ በኋላው በር አስገብተን አስተኛናት፤ በሩም ያን ጊዜ ደስ ብሎት ነበርና ተከፈተ። ሲስተር ያምሮትና እንድሪያስም አብረውን ተሳፈሩ።

መንገዱን ሳናጋምስ፣ ዳገቱ ላይ፣ ያ ቢጫ መብራት በራ። ማርሹ አልገባም አለ። ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን ባዞር ባዞር ምንም የለም። የኋላውን በር አዝራር ብንጫነው፣ ብንለምነው፣ በድንጋይ ብንደበድበው አልከፈት አለ። ልጅ የተጋደመባትን ሴት በወንበሮች ላይ አሻግረን በጎን በር ጎትተን አወጣናት። የጮኸችውን አልጽፍልዎትም፤ እርስዎም እንቅልፍ ያስፈልግዎታል።

የቅርቡ መንደር ሰዎች ጩኸቱን ሰምተው ሮጠው መጡ። ቃሬዛ አምጡ ብንላቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ። የናንተ መኪና ለኛም ይደርሳል ሲባል ሰምተን የኛንም ፈታነው አሉን። ከአጥር ሁለት ባሕር ዛፍ ነቅለው፣ ጋቢያችንን በላዩ አሥረን፣ እያዘነበለ እየተስተካከለ ትከሻችን ላይ አወጣናት። ያን ጊዜ ዓይኗን ገለጠችና «እፎይ አያ፣ የሰው ትከሻ ይሻለኛል፤ ያ ነገር ውስጥ መልሰህ እንዳታስገባኝ» አለችኝ። ከእሷ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። ሮጥን። እኔ የፊተኛውን ቀኝ ይዤ ነበር፤ ጋቢው እየረጠበ ሲከብድ በትከሻዬ ይታወቀኛል። የከተማው ቆርቆሮ በሩቁ መታየት ሲጀምር ሲስተር ያምሮት አቁሙ አለች። በሕጋችን ቃሬዛ መሬት አይነካም። ያን ዕለት ነካ።

ልጁም አብሯት ሄደ።

አምስተኛ፣ ሬሳዋን ይዘን ስንመለስ መኪናዎን ዳገቱ ላይ መንገድ ዘግቶ አገኘነው። ትከሻዬን ለሌላ ሰው አስረክቤ፣ ዳር ላስይዘው ብዬ ገባሁና ቁልፉን አዞርሁት። በአንድ ጊዜ ተነሣ። ቢጫ መብራት የለም፤ ማርሹ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ሬዲዮኑ ካቋረጠበት ቀጠለ። የኋላውም በር በአንድ ጣት ቢነኩት ወለል አለ። ከሰዎቹ አንዱ እንግዲያስ እዚህ ላይ እናድርጋት ቢል፣ እንድሪያስ፣ እንዳታስገቡኝ ብላለች አይደል ብሎ አጠናውን አጥብቆ ያዘ። እነሱ እህቴን ተሸክመው ፊት ፊት፣ እኔ ባዶ መኪና እየነዳሁ ኋላ ኋላ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄድን። ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳ አላንገራገረም። መኪናዎ ለቅሶ ስለደረሰን ቤተሰቡ በሙሉ ያመሰግናል።

ስድስተኛ፣ የሆነውን ሁሉ ለቢሮዎ ባስታውቅ ሳይውል ሳያድር ባለሙያ ላኩልኝ፤ ለዚህ ፍጥነት ቃል የለኝም። መርማሪው ኮምፒውተሩን ሰክቶ፣ ከተማውን አንድ ዙር ነድቶ፣ ጉድለት አልተገኘበትም የሚል ወረቀት በማኅተም ሰጠኝ። ወረቀቱን ለአያ ገብረሰንበት ወስጄ አሳየኋቸው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ አስነብበው ሰምተው ማኅበሩን እንደገና ጠሩ። አዲስ አጠና ተቆረጠ፣ አዲስ ጠፍር ተበጀ፤ እኔም ወደ ተራዬ ተመለስሁ። መኪናውን በተመለከተ፣ ያነሣውን ሰው መንገድ ላይ ያስቀመጠ ዳግመኛ የቀበሌያችንን ሰው እንዳይሸከም ተወስኗል። ይህንን ውሳኔ ለድርጅትዎ እንዳደርስ ታዝዣለሁ፤ አድርሻለሁ።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከማስታወቂያዎ ላይ አደራ የምትለዋን ቃል ያውጡልን። መኪናውን ይሽጡት፤ ቀለሙም ያምራል፣ ወንበሩም ይመቻል፣ ሬዲዮኑ እንከን የለበትም። ቃሏን ግን ይመልሱልን፤ እኛ ገና እንሠራባታለን።

ለሰጡኝ መስተንግዶ፣ ለጠፋው መብራት፣ ለትዕግሥቱ ምክርና ለባለ ማኅተሙ ወረቀት ያለኝን ታላቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ የሚሄዱበት መንገድ ሁሉ ሜዳ፣ የሚያድሩበት ቤት ሁሉ ከሐኪም ቤት አጠገብ እንዲሆንልዎ የምመኝ፣

ታማኝ ደንበኛዎ
ክንፈሚካኤል ዘሩ
የቃሬዛ ማኅበሩ የፊት ቀኝ ተሸካሚ

ማስታወሻ፦ የአቻምየለሽን አርባ ባወጣንበት ዕለት፣ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ሳይነሡ፣ ከቢሮዎ ስልክ ተደውሎ የኋላው በር ዕቃ ከውጭ አገር መግባቱ በታላቅ ደስታ ተነግሮኛል። ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ። ዕቃውን ለእኔ አያቆዩልኝ፤ እህቱ በሕይወት ላለችለት ደንበኛ ይግጠሙለት።