ትእዛዝ መስሎኝ ስላነበብኳት ዜሮ

ለተከበሩ የከርነል ክፍል ኃላፊያችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ቀጥሎም ለአዲሱ ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበርዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በዚህ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአክብሮት እገልጻለሁ።

፩. የኮምፒውተሩ ስርዓተ ክወና እምብርት በሆነው በከርነል ኮዳችን፣ ረዳት ፋንክሽኖች፣ ማለትም ተልከው ሥራ የሚሠሩ የኮድ ቁራጮች፣ ምን መልስ ይዘው እንደሚመለሱ የሚወስነውን ደንብ የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ሳይዘነጉት አይቀሩም። ስሙ ትእዛዝ የሆነ፣ ለምሳሌ «መዝግብ» የተባለ፣ ሥራው ከተሳካ ዜሮ ይመልሳል፤ ካልተሳካ የስህተቱን ቁጥር። ስሙ ጥያቄ የሆነ፣ ለምሳሌ «ባዶ ነው ወይ» የተባለ ግን፣ ለአዎ አንድ፣ ለአይደለም ዜሮ ይመልሳል። ይህንኑ አጠገቤ ለምትቀመጠው ባልደረባዬ በቃሏ እስክትወጣው አስጠናኋት፤ እርስዎም በስብሰባ ላይ «የእርሷ ደንብ» ብለው ስላመሰገኗት ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

፪. «የቡድን መሪ አድርጉኝ» ብዬ ያስገባሁትን ማመልከቻ በእጅዎ አንዲት ዜሮ ጽፈውበት መለሱልኝ። «አድርጉኝ» ትእዛዝ አይደል? ስለዚህ «ያለ እንከን ተፈጽሟል» ብዬ አነበብኳት። ለባለቤቴ ደወልኩ፤ አማቴ ሳይቀሩ ስልኩን ተቀብለው መረቁኝ። ከዚያም ኪቦርዴንና እጀታው የተሰበረውን ስኒዬን ታቅፌ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ፣ መስኮቱ ሥር ወዳለው የመሪ ጠረጴዛ ሄድኩ። ባልደረባዬ ተቀምጣበታለች። የእርሷ ማመልከቻ ላይ የአንድ ቁጥር ተጽፏል። በእኛ ዝርዝር ስህተት ቁጥር አንድ «አልተፈቀደም» ማለት ስለሆነ፣ አይዞሽ ብዬ ከልቤ አጽናናኋት። ለካ ከሁለታችንም ማመልከቻ ግርጌ፣ ከቁጥሩ አጠገብ፣ በደቃቅ ፊደል «ይመጥናል ወይ?» የሚል ጥያቄ ኖሯል። ያሳየችኝም እርሷው ናት፤ ያውም ሳትስቅ።

፫. ቀንቻለሁ። እርሷ ስታስነጥስ ሦስት ሰው «ይማርሽ» ይላል፤ እኔ ሳስነጥስ ሰው ተነሥቶ መስኮት ይከፍታል። መስኮቱም አሁን የእርሷ ነው።

ባለቤቴ እስካሁን የመሪ ሚስት ነኝ ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አስደስታለች። ምን ብዬ እንደምነግራት ደንቡ አይልም።

እንከን የማይገኝብኝ፣ ማለትም ዜሮ የሆንኩ፣
ምንጊዜም ታዛዥዎ፣
የደንቡ ጸሐፊ

ተጨማሪ፦ ስለ አመራርዎ እንድንሞላ የተላከው መጠይቅ ደርሶኛል። «ኃላፊዎ ፍትሐዊ ናቸው ወይ?» በሚለው ፊት ዜሮ ጽፌያለሁ። እርስዎ እንደ ትእዛዝ አንብበው ለባለቤትዎ ይደውሉላቸው።